ሶፍትዌሩን ከመምረጣችን በፊት መዝገቦቻችንን እንይ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ መጻሕፍት በአንድ የጋራ ሲስተም ይተዳደሩ የሚለው ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ወዲያው የሶፍትዌር ስም ወደ መጥራት ያመራል። ኮሃ ይሁን? ፎሊዮ ይሻላል? ወይስ እንደ ብዙዎቹ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች አልማን እንግዛ? እኛ በካታሎግ፣ በሰርኩሌሽን (በውሰት) እና በሲስተም ክፍል የምንሠራ ባለሙያዎች ሐሳቡን ከልብ እንደግፋለን። ይህን የምንጽፈው ቅደም ተከተሉ ስላሳሰበን ነው። ከሶፍትዌሩ በፊት መመርመር ያለበት በየቤተ መጻሕፍቱ ተከማችቶ ያለው መዝገብ፣ ማለትም የእያንዳንዱ መጽሐፍ ርዕስ፣ ደራሲና ሌላው መግለጫ የተጻፈበት መረጃ ነው። መዝገቡ ሳይታይ የወጣ ጨረታ፣ አሸናፊው ማንም ይሁን ማን፣ የ40 ቤተ መጻሕፍትን ችግር አንድ ቦታ ከማጠራቀም አያልፍም።

ጥቅሙን ለማስረዳት ብዙ መናገር አያስፈልግም። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። አንድ የአንደኛ ዓመት የካልኩለስ መጽሐፍ በእያንዳንዳቸው እንደ አዲስ ካታሎግ ይደረጋል። በጋራ ሲስተም አንድ ባለሙያ አንድ ጊዜ ይሠራዋል፣ የቀሩት ያላቸውን ቅጂ ብቻ ያያይዛሉ። ባሕር ዳር ያለ ተማሪ የሚፈልገው የመመረቂያ ጽሑፍ ጅማ ወይም ሐረማያ መኖሩን እዚያው ሆኖ ያያል። የሰርቨር፣ የመጠባበቂያ ቅጂና የሥልጠና ወጪም ይከፋፈላል።

መንገዱ በሌሎች አገሮች የተሞከረ ነው። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ያሉ 37 የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኦርቢስ ካስኬድ በተባለው ኅብረታቸው አማካይነት እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ በአራት ዙር ተከፍለው ወደ አንድ ሲስተም ገብተዋል። የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 23 ካምፓሶች በ2017 በአንድ ጊዜ ተሻግረዋል። የዌልስ ዩኒቨርሲቲዎች ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታቸው ጋር ሆነው በ2015 አንድ ሲስተም መርጠዋል። ለእኛ ይበልጥ የሚያስተምረን ግን ለኖርዌይ ቤተ መጻሕፍት የጋራ ሲስተም ያቀርብ የነበረው ቢብሲስ ነው። በ2010 ከአንድ አቅራቢ ጋር ተዋዋለ፤ ሥራው አልሰመረም፣ ውሉ ተቋረጠ፤ ሌላ መርጦ አዲሱን ሲስተም ሥራ ያስጀመረው በ2015 መገባደጃ ላይ ነው። በእነዚያ ዓመታት ውሰቱም ካታሎጉም ያልቆመው ቀድሞ የገነቡት የጋራ ሲስተም በእጃቸው ስለነበረ ነው። እኛ እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የለንም፤ የመጀመሪያው ምርጫችን ቢበላሽ የምንመለሰው ወደየግል ኮምፒውተራችን ነው።

እንግዲህ ወደ መዝገቡ እንግባ። በየቤተ መጻሕፍቱ ያለው መረጃ ከተለያየ ዘመን የመጣ ነው። ከካርድ ካታሎግ የተገለበጠ አለ፤ ዩኔስኮ በነፃ ያሰራጨው በነበረው ሲ.ዲ.ኤስ./አይሲስ በተባለ ሶፍትዌር እና በዊንዶውስ እትሙ የተመዘገበ አለ፤ በኋላ በኮሃ ወይም ኤ.ቢ.ሲ.ዲ. በተባለው ሶፍትዌር የገባ አለ፤ በኤክሴል የቀረም አለ። ሁሉም «ማርክ» (ኮምፒውተር የሚያነበው የካታሎግ መዝገብ ቅርጽ) ይባል እንጂ ውስጡ አንድ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው የድሮ ፎንት ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት አንድ ወጥ የኮምፒውተር ኮድ የሚሰጠው ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮ ደግሞ ከዚያ በኋላም ለዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው የየድርጅቱን ፎንት በመጫን ነው። እነዚያ ፎንቶች ኮምፒውተሩ ላይ የሚያስቀምጡት የላቲን ፊደላትንና ምልክቶችን ኮድ ሲሆን፣ በማያው ላይ ብቻ የአማርኛ ቅርጽ ይሰጡታል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ርዕሱ ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ድብልቅ ይሆናል። ኮዱ ከፎንት ፎንት ይለያያል፤ አንዱ ውስጥ «መ» የሆነው ሌላው ውስጥ «ቶ» ሊሆን ይችላል። በአንድ ፎንት ያለው ቦታ 256 ብቻ ስለሆነና ፊደላችን ከነዲቃላው ከነቁጥሩ ከ300 ስለሚበልጥ፣ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ፋይል ከፍለው ነበር የሚይዙት። መዝገቡ በአይ.ኤስ.ኦ. 2709 (መዝገቦች ከሲስተም ወደ ሲስተም በሚተላለፉበት) ፋይል ሲወጣ ደግሞ የፎንቱ ስም አብሮ አይወጣም። ስለዚህ ፋይሉን ተቀብሎ «ወደ ዩኒኮድ ቀይሩልኝ» ማለት አይበቃም፤ የትኛው መዝገብ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ሥራው አድካሚ ቢሆንም ከባድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ ከገቡት መዝገቦች 50 50 ይወጣሉ፤ መጽሐፉ ከመደርደሪያ ወርዶ የርዕስ ገጹ ከመዝገቡ ጋር ጎን ለጎን ይታያል፤ በዚያ ዓመት የነበረው ፎንት ይለያል፤ ለእያንዳንዱ ፎንት አንድ የመለወጫ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። ከተለወጠ በኋላ ሌሎች 100 መዝገቦች ተመርጠው በዓይን ይነበባሉ። ከ100ው 3 እንኳ ከተበላሸ ሠንጠረዡ ላይ የጎደለ ፊደል አለ ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድሉት እንደ «ቋ»፣ «ጓ» እና «ሏ» ያሉት ናቸው። በውል ውስጥ «የመረጃ ሽግግር» ተብሎ የሚጻፈው ፋይሉን ከአንድ ሲስተም አውጥቶ ሌላው ውስጥ ማስገባት ነው። የፎንት ለውጡን አቅራቢው አይሠራውም፤ አማርኛ የማያነብ መሐንዲስ መበላሸቱንም አያውቅም። ይህ ሥራ ለየትኛውም ሲስተም ስለሚያገለግል ጨረታው እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም።

ሁለተኛው የፍለጋ ጉዳይ ነው። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ርዕስ ውሰዱ። ተማሪው በ«ሥ» ወይም በ«ስ»፣ በ«ጽ» ወይም በ«ፅ»፣ በ«ሑ»፣ በ«ሁ» ወይም በ«ኁ» ሊጽፈው ይችላል። ይህ ብቻ 12 አጻጻፍ ይሰጣል። አንዱ አራርቆ፣ አንዱ ገጥሞ፣ አንዱ በሰረዝ አያይዞ ሲጽፈው 36 ይሆናል። ሲስተሙ ካልተነገረው 36ቱንም የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ተማሪውም መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ እያለ «የለም» ተብሎ ይመለሳል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። የሐመሩ «ሐ» እና የብዙኃኑ «ኀ» ቤቶች ወደ «ሀ»፣ የንጉሡ «ሠ» ወደ «ሰ»፣ የዓይኑ «ዐ» ወደ «አ»፣ የፀሐዩ «ፀ» ወደ «ጸ» እንዲመለሱ ለፍለጋ ሞተሩ ደንብ ይጻፍለታል። አምስት ቤት በሰባት ሰባት 35 መስመር ይሆናል፤ «ሃ» ወደ «ሀ»፣ «ኣ» ወደ «አ» የሚሉት ሁለቱ ሲጨመሩ፣ ዲቃላዎቹን ሳይቆጥር፣ 37 መስመር ነው። የድሮ ርዕሶች ውስጥ ያለው ሁለት ነጥብ «፡» እንደ ባዶ ቦታ እንዲቆጠርም መታዘዝ አለበት፤ አለዚያ ሙሉው ርዕስ እንደ አንድ ቃል ይያዛል። ኮሃ ዜብራ የተባለውን የፍለጋ ሞተር ሲጠቀም ሁለት ዓይነት አደረጃጀት አለው፤ አንደኛው በላቲን ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች የተሠራ ነው፣ ሁለተኛው አይ.ሲ.ዩ. የሚባለውና ለእኛ ዓይነት ፊደል የሚሆነው ነው። ሲጫን የመጀመሪያው ከተመረጠ የአማርኛ ፍለጋ በአግባቡ አይሠራም፤ ችግሩም የሶፍትዌሩ ይመስላል። ደንቡ በተለወጠ ቁጥር መረጃው ሁሉ እንደገና መጠቆም (የፍለጋ ማውጫው እንደገና መሠራት) አለበት፤ ለብዙ መቶ ሺህ መዝገብ ሰዓታት ስለሚወስድ በሌሊት ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ አጥብቀን የምንለውም ነው። የፊደል ማመሳሰሉ በጥቆማው ላይ ብቻ እንጂ በመዝገቡ ላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ደራሲው በ«ሠ» ያሳተመው ርዕስ በ«ሠ» ይቀመጥ። በትግርኛ «ሐ» እና «ሀ»፣ «ዐ» እና «አ» የተለያየ ድምፅ ናቸው፤ በግዕዝ ፊደሉ ሲቀየር ትርጉም ይቀየራል። በአማርኛ ደንብ የትግርኛና የግዕዝ መዝገቦችን «ያስተካከለ» ቤተ መጻሕፍት መልሶ የማያገኘውን ነገር አጥፍቷል። አፋን ኦሮሞም የራሱ ጉዳይ አለው፤ በቁቤ ውስጥ ያለችው ሁድሃ የምትባለው ጭረት መሰል ምልክት ቢያንስ በሦስት ዓይነት የኮምፒውተር ኮድ ትጻፋለች፤ ቀጥ ያለችው፣ የተጠማዘዘችውና የፊደል ምልክት ተብላ የተመዘገበችው። ሦስቱ ካልተመሳሰሉ አንዱ ቃል ለፍለጋ ሦስት ይሆናል። የቋንቋው ኮድ በትክክል ከተሞላ ለእያንዳንዱ ቋንቋ ተገቢው ደንብ ሊወጣ ይችላል። ብዙ መዝገቦች ላይ ግን ያ ቦታ ባዶ ነው ወይም «እንግሊዝኛ» ይላል፤ ባለሙያው ፎርሙ ላይ ተሞልቶ የመጣለትን ሳይቀይር ስላለፈው ነው።

ስለ ዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ። የርዕስ ገጹ ላይ 1998 ዓ.ም. የሚል መጽሐፍ በዓመት ሲደረደር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። የታተመውን እንዳለ ጽፎ የአውሮፓውያኑን በማዕዘን ቅንፍ ማከል፣ በዓመት ለመደርደር በሚያገለግለው ኮድ ውስጥ ደግሞ የአውሮፓውያኑን ብቻ ማስገባት ይበቃል። ከዚህ የሚብሰው የውሰት ቀን ነው። የመመለሻ ቀንን በእኛ አቆጣጠር ይዞ የቆየ ቤተ መጻሕፍት መረጃውን እንዳለ ወደ አዲሱ ሲስተም ቢያስገባ ምን እንደሚሆን አስቡ። ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በቁጥር ሲጻፍ ሁለተኛ ወር፣ 30ኛ ቀን ነው፤ ሲስተሙ «ፌብሩዋሪ 30 የለም» ብሎ ይጥለዋል። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነ እርሱም ይወድቃል። የወደቁት እንኳ ይታያሉ፤ አደገኛዎቹ ሳይወድቁ የሚያልፉት ናቸው። ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ማርች 12 ቀን 2017 ተብሎ በጸጥታ ይገባል፤ መጽሐፉም ከሰባት ዓመት በላይ እንደዘገየ ተቆጥሮ ቅጣት ይሰላበታል። ሰኔ ላይ ክሊራንስ ሊያስፈርም የመጣ ተመራቂ በሺህ የሚቆጠር ብር ዕዳ ሲጠየቅ ነው የሚታወቀው።

የቅጂዎች ብዛት ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል። የእኛ ቤተ መጻሕፍት ከውጭዎቹ የሚለዩት የአንድ መማሪያ መጽሐፍ ብዙ መቶ ቅጂ ስለሚይዙ ነው። አንዳንድ ቦታ ለእያንዳንዱ ቅጂ የራሱ መዝገብ ተከፍቶለታል፤ 300 ቅጂ፣ 300 መዝገብ። እነዚህ ከመሸጋገራቸው በፊት መጠቅለል አለባቸው። ሲጠቀለሉ ግን ሌላ ገደብ ይመጣል። በአይ.ኤስ.ኦ. 2709 የአንድ መዝገብ ርዝመት የሚጻፈው በአምስት አሃዝ ስለሆነ ከ99,999 ባይት ሊያልፍ አይችልም። ኮሃ የእያንዳንዱን ቅጂ ባርኮድ፣ ቦታ፣ ዋጋና የመደርደሪያ ቁጥር 952 በተባለው ፊልድ (የመዝገብ ክፍል) ይዞ ያወጣል። አንዱ ቅጂ 250 ባይት ቢፈጅ 400 ቅጂ 100,000 ይሆናል፤ መዝገቡ ይቆረጣል ወይም በፋይሉ ውስጥ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አይነበብም። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ባይት ስለሚወስድ የአማርኛ ማስታወሻ ያለባቸው ቅጂዎች ገደቡን ቶሎ ይደርሱበታል። ስለዚህ ልውውጡ ይህ የርዝመት ገደብ በሌለበት የማርክ ቅርጽ፣ በማርክ ኤክስ.ኤም.ኤል. ይሁን፤ ይህ በጨረታ ሰነዱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ድግግሞሽን ለማጥፋት አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ላይ ብቻ መተማመንም አይሆንም። ብዙ የአገር ውስጥ መጻሕፍት ቁጥሩ የላቸውም፤ ባለ ብዙ ቅጽ ሥራ ደግሞ ለሁሉም ቅጽ አንድ ቁጥር ይዞ ይገኛል፣ ሲጣመርም ቅጽ 1 እና ቅጽ 2 አንድ መዝገብ ሆነው ያርፋሉ። ቁጥሩ ከርዕሱ የመጀመሪያ ቃላት፣ ከዓመቱና ከገጽ ብዛቱ ጋር ተጣምሮ ካልገጠመ ማሽኑ በራሱ እንዲያጣምር አይፈቀድለት፤ ሰው ይየው። የኢትዮጵያውያን ደራስያን ስምም በራሱ በደራሲው ስም ይጀምር። «ከበደ፣ አበበ» እና «አበበ ከበደ» እንደ ሁለት ሰው ተመዝግበው የሚገኙት አንዱ ባለሙያ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለወሰደ ነው። የመደርደሪያ ቁጥር ደግሞ በጋራው መዝገብ ላይ ሳይሆን በየቅጂው ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ በኮንግረስ፣ ሌላው በዲዊ የመጻሕፍት አመዳደብ ስለሚደረድር ያንዱ ቁጥር የሌላውን እንዳይሽር።

ባርኮድ ላይ ስንደርስ፣ ሁሉም ቤተ መጻሕፍት ማለት ይቻላል ከ000001 ነው የጀመረው። አንድ ላይ ሲመጡ ይጋጫሉ። ከቁጥሩ በፊት የተቋም መለያ በመረጃ ቋቱ ውስጥ መጨመር ቀላል ነው፤ ስካነሩ የሚያነበው ግን መጽሐፉ ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ቁጥር ነው። ሲስተሙ የማዋሻ ጠረጴዛው ያለበትን ተቋም መለያ በራሱ እንዲጨምር ቢደረግ መጽሐፉ በራሱ ቤተ መጻሕፍት እስካለ ድረስ ይሠራል። የጎንደር መጽሐፍ ሐዋሳ ላይ ሲመለስ ግን የሐዋሳ መለያ ይጨመርበትና ፈጽሞ ሌላ መጽሐፍ ተመለሰ ይባላል። በውጭ የተለመደው ባለ 14 አሃዝ ባርኮድ ለዚህ የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያው አሃዝ ዓይነቱን ይነግራል፣ 2 ከሆነ ተጠቃሚ፣ 3 ከሆነ መጽሐፍ፤ ቀጥሎ አራት አሃዝ ተቋሙን፣ ስምንት አሃዝ ተራ ቁጥሩን፣ የመጨረሻው አንድ አሃዝ ስሕተት መቆጣጠሪያውን። ለአዲስ መጻሕፍት ይህ ከዛሬ ጀምሮ ሊታዘዝ ይችላል። የቆዩት መጽሐፉ ከውሰት ሲመለስ በጠረጴዛው ላይ ይቀየሩ፤ የሚዋሱት በራሳቸው ጊዜ ስለሚመጡ መደርደሪያ ለመደርደሪያ መዞር አያስፈልግም።

የተማሪ መታወቂያ ቁጥሮችም ይደጋገማሉ። «ዩ.ጂ.አር./1234/12» ዓይነት ቁጥር ውስጥ ያለው እዝባር («/») ሲስተሞች ሲገናኙ ብዙ ጊዜ ስሕተት ይፈጥራል፤ ከሬጅስትራር በየሌሊቱ በሚመጣው ፋይል ላይ የተቋም መለያ ተጨምሮ፣ እዝባሩ ወጥቶ ይግባ። የተዋሱት መጽሐፍ ዝርዝር ከተመለሰ በኋላ ከሰውየው ስም የሚለይበት የቀን ገደብም ከወዲሁ ይወሰን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የ40 ተቋማት ተማሪዎች ምን እንደሚያነቡ አንድ ቋት ውስጥ ለዘለዓለም ማከማቸት ምክንያት የለውም።

አሁን ወደ ምርጫው። በአብዛኛው የሚደረገው የ500 እና የ600 መሥፈርት ዝርዝር አዘጋጅቶ «አለው/የለውም» ማስሞላት ነው። ሁሉም አቅራቢ ሁሉም ላይ «አለው» ይላል፤ ውሸትም አይደለም፣ የሆነ ቦታ የሆነ ዓይነት ነገር ስላለው ነው። የሚበጀው የሥራ ፈተና ነው። ከራሳችን የተሰበሰቡ መዝገቦች ለተወዳዳሪዎች ሁሉ በአንድ ቀን ይሰጡ፤ በራሳቸው ሲስተም ጭነው ይምጡና የእኛ ሠራተኛ ኪቦርዱን ይዞ ይሥራ። «ፀሐይ» ብሎ ፈልጎ ያገኘው ቁጥር «ጸሀይ» ሲል ካገኘው ጋር እኩል ነው? 400 ቅጂ ያለውን መጽሐፍ መዝገብ ለመክፈት ስንት ሴኮንድ ይፈጃል? በሪዘርቭ (ለአጭር ሰዓት ብቻ ለመዋስ) የተያዘ መጽሐፍ ለሁለት ሰዓት ተውሶ ኢንተርኔቱ መሐል ላይ ሲቋረጥ ምን ይሆናል? ተማሪው ሌላ ካምፓስ ዕዳ እያለበት ክሊራንስ ሊታተምለት ይችላል? እነዚህ ጥያቄዎችና ነጥባቸው ከመጀመሪያው በጨረታ ሰነዱ ውስጥ መኖር አለባቸው፤ ኋላ ላይ የተጨመረ መመዘኛ ነጥብ ሊሰጥበት አይችልም፣ ቅሬታም ያስነሣል። ሲስተሙን ሲሞክሩ የሚመዝኑትም ዳይሬክተሮች ብቻ አይሁኑ፤ ቀኑን ሙሉ ስካነር የሚይዙት ይኑሩበት።

የእኛ ፍርድ ወደ ኮሃ ያደላል፤ በጋራ ተተክሎ በአገር ውስጥ ባለ የመረጃ ማዕከል የሚሠራ ኮሃ። ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው፤ 37ቱን የፊደል ማመሳሰያ መስመር ማንንም ሳንለምን ራሳችን ልንጽፍበት እንችላለን። ፎሊዮ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረ አዲስ አሠራር ነው፣ ከኮሃ በብዙ የሚበልጥ የሰርቨር አቅምና የቴክኒክ ቡድን ይጠይቃል። አልማ ጠንካራ ነው፤ ክፍያው ግን በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 100 ብር ሲያልፍ፣ በብር የተያዘ ማንኛውም የሶፍትዌር በጀት ግማሽ ያህሉን አጥቷል። የባለቤትነት ጉዳይም አለ፤ አልማን የሚያቀርበው ኤክስ ሊብሪስ እ.ኤ.አ. በ2015 በፕሮኩዌስት፣ ፕሮኩዌስት በ2021 በክላሪቬት ተገዝተዋል። ማንም ይመረጥ፣ መጻሕፍቱን፣ ቅጂዎቹን፣ ተጠቃሚዎቹንና ያልተመለሱትን ውሰቶች ሙሉ በሙሉ ያለ ክፍያ የማውጣት መብት በውሉ ይስፈር፤ በየዓመቱም አንድ ጊዜ ወጥተው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይከፈቱ።

ኮሃ ነፃ ነው ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። በየስድስት ወሩ፣ በሜይና በኖቬምበር፣ አዲስ እትም ይወጣል። የሚከታተለው ሰው ከሌለ ሲስተሙ ባለበት ይቆማል፤ ያስተካከለው ልጅ ሥራ ሲለቅም የሚነካው ይጠፋል። ብዙ ተከላዎች የከሸፉት በዚህ ነው። ሁለት የሲስተም ባለሙያ፣ ሁለት የመዝገብ ጥራት ተቆጣጣሪና አንድ አሠልጣኝ ደመወዛቸው በጋራ የሚከፈል፣ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ያልተሰጡ መሆን አለባቸው። አቅሙም በሥራ በሚበዛበት ሰዓት ይለካ። 40 ቤተ መጻሕፍት ስድስት ስድስት ጠረጴዛ ቢኖራቸው 240 ይሆናል፤ እያንዳንዱ በ20 ሴኮንድ አንድ ውሰት ቢያካሂድ በሴኮንድ 12 ነው። ሙከራው አዲስ አበባ ካለ ቢሮ ሳይሆን ከሩቁ ካምፓስ፣ በሴሚስተር መክፈቻ ሳምንት ይደረግ። መስመሩ ሲቋረጥ ውሰቱን ጠረጴዛው ላይ ይዞ ቆይቶ በኋላ የሚያስተላልፍ ዘዴ ከሌለ ሠራተኛው ወደ ደብተር ይመለሳል፣ የደብተሩ ውሰት ደግሞ ወደ ሲስተሙ ሳይገባ ይቀራል።

በመጀመሪያው ዙር ሁለት ቤተ መጻሕፍት ብቻ ይግቡ፤ አንድ ትልቅና አሮጌ መዝገብ ያለው፣ አንድ አዲስና ትንሽ። ሽግግሩ ነሐሴ ላይ ይሁን፣ ክሊራንስ ካለቀ በኋላ ምዝገባ ሳይጀመር። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ካታሎግ ማድረግ ይቁም፤ አለዚያ በመካከሉ የገባው መዝገብ በአሮጌው ሲስተም ውስጥ ይቀራል። የተጠቃሚ ዓይነት ከስድስት፣ የቅጂ ዓይነት ከአምስት እንዳይበልጥ መስማማትም ያስፈልጋል። የውሰት ደንብ የሚጻፈው ለእያንዳንዱ ጥምረት ስለሆነ በዚህ ልክ እንኳ ለ40 ቤተ መጻሕፍት 1,200 ደንብ ይመጣል።

የምንጠይቀው የመጀመሪያ እርምጃ ግን ጨረታም በጀትም አይፈልግም። ትምህርት ሚኒስቴርም ይሁን የቤተ መጻሕፍቱ ኮንሰርሺየም (ኅብረት)፣ ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ አንድ ደብዳቤ ይጻፍና 500 መዝገብ ይላክ፤ 100 የቆዩ የአማርኛ፣ 100 በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች፣ 100 ብዙ ቅጂ ያላቸው መማሪያዎች፣ 100 የመመረቂያ ጽሑፎች፣ 50 መጽሔቶች፣ 50 ደግሞ ባለሙያው ራሱ ተበላሽተዋል ብሎ የሚያምንባቸው። ሲሰበሰብ 20,000 ገደማ ነው፤ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይመረመራል። ለምርመራው ከየተቋሙ አንድ አንድ ሰው ቢመደብ እኛም ከእነርሱ ጋር ለመሥራት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የካታሎግ፣ የሰርኩሌሽንና የሲስተም ባለሙያዎች